ትኋን ነው ወይስ ቁንጫ? ልጄ ሌሊት ሌሊት እያከከ አላስተኛን አለ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሰባት ዓመት ልጄ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው ጠዋት ሲነሳ ክንዱና አንገቱ ላይ ቀይ ቀይ እብጠት ይዞ ነው የሚነሳው፣ ሶስት አራቱ ተከታትሎ በመስመር ነገር ነው የሚወጣው። እኔንም ትከሻዬን ያሳክከኛል፣ ባለቤቴ ግን አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ምንም የለውም፣ ስለዚህ አለርጂ ነው ይለኛል። ትናንት አንሶላ ስቀይር የፍራሹ ስፌት ላይ በእስክሪብቶ ነጠብ ነጠብ የተደረገ የሚመስል ጥቁር ነገር አየሁ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ግን የለም። ትኋን ይሆን? ፍራሹን ልጣለው እንዴ? ጎረቤቴ ደሞ ነጭ ጋዝ ቀቢበት አለችኝ። በጣም ጨንቆኛል።

የልጆች እናት፦
እህቴ አይዞሽ። ነጭ ጋዙን ግን እንዳትሞክሪው፣ ቤንዚንም እንደዛው፣ ህፃን የሚተኛበት ፍራሽ ነው፣ ሽታው ራሱ ይጎዳዋል እሳት ደሞ አለ። መጀመሪያ አረጋግጪ። ጥጥ በውሃ እርጥብ አድርገሽ ነጠብጣቡን ጥረጊው፣ ቡናማ ወይ ቀላ ያለ ሆኖ ከተዘረጋ የትኋን ኩስ ነው፣ ደም ጠጥቶ የሚጥለው ማለት ነው። ከዛ የእጅ ባትሪ ይዘሽ የፍራሹን ስፌት ዙሪያውን፣ የአልጋውን መጋጠሚያና የብሎን ቀዳዳ፣ ራስጌውን፣ ኮመዲኖውን ከነመሳቢያው ገልብጠሽ እይ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ክንፍ የሌለው፣ ትልቁ ምስር የሚያክል ነው። የትኋኑ ልጆች ግን ፈዛዛ ስለሆኑ በቀላሉ አይታዩም፣ ገለባ የመሰለ የተጣለ ቆዳቸውን ካየሽም በቂ ማስረጃ ነው።

ነርስ ነኝ፦
ባለቤትሽ ምንም የለውም ማለት አልተነከሰም ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ ምልክት አያወጣም፣ አንዳንዱ ደሞ ከቀናት በኋላ ነው የሚያወጣው። ንክሻውን ብቻ አይቶ ይሄ ነው ማለት ለኛም ይከብደናል። ቁንጫ ብዙ ጊዜ እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፣ ሲያዩትም ይዘላል፣ ትኋን አይዘልም። የጣት መሀልና የእጅ አንጓ የሚያሳክከው ከሆነ ግን እከክ ሊሆን ስለሚችል ለሀኪም አሳዪው። ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልታወቀም፣ የሚያስቸግረው ልጁ ሲያክ ቆስሎ እንዳያመረቅዝ ነው፣ ጥፍሩን ቁረጪለት፣ በሳሙና አጥበሽ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዥለት። ፊቱ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቶሎ ሀኪም ቤት።

ጠያቂ፦
አገኘሁት!! የአልጋው ብሎን ቀዳዳ ውስጥ ሶስት፣ አንዱን ስጨፈልቀው ደም ወጣ። ስፌቱ ላይ ነጫጭ እንቁላልም አለ። ዛሬ ከልጄ ጋር ሳሎን ልንተኛ ነው።

ተከራይ፦
ሳሎን አትተኙ እባክሽ! እኔ ያጠፋሁት ይሄን ነው። ሰው ሲጠፋባቸው ፍለጋ ይወጣሉ፣ አንድ ክፍል ብቻ የነበረው ትኋን ሶፋዬ ውስጥ ገብቶ ሶስት ወር ፈጀብኝ። በዛ ላይ የሚጨስ መድኃኒት ለኩሼ ቤት ዘግቼ ወጣሁ፣ ጭሱ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ ጭራሽ በየግድግዳው በተናቸው። ያዳነኝ ሙቀት ነው። አንሶላውን ብርድ ልብሱን መጋረጃውን እዛው ክፍል ውስጥ ፌስታል ከተሽ አስረሽ ነው የምታወጪው፣ እየተንጠባጠበ ቤቱን እንዳይዞር፣ ከዛ በ60 ዲግሪ ማጠብ፣ ማድረቂያ ካለሽ በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ። የማይታጠበውን ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አራት ቀን። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማውጣት ብቻውን አይጠቅምም፣ ውስጡ ያን ያህል አይሞቅም እነሱም ወደ ጥላው ይሸሻሉ። የብረት አልጋ ከሆነ ፈትተሽ ውጪ የፈላ ውሃ አፍስሺበት፣ እንጨት ከሆነ የእንፋሎት ማሽን ቀስ እያልሽ አሳልፊበት፣ ቶሎ ቶሎ ካሳለፍሽው እንቁላሉ ይተርፋል። ቫኪዩም ካደረግሽ ቆሻሻውን ወዲያው አስረሽ ከቤት አውጪ። ፍራሹን አትጣይው፣ አዲሱም በሳምንት ይያዛል፣ ዚፕ ያለው ድፍን ልባስ አልብሺውና ከዓመት በላይ አትክፈቺው፣ ሳይበሉ ብዙ ወራት ይቆያሉ።

ሌላ አባል፦
ይሄ ሁሉ ድካም ለምን፣ የእህል ነቀዝ ማጥፊያ ክኒን አልጋ ስር አድርገሽ ዝጊው በአንድ ቀን ያልቃል።

ነርስ ነኝ፦
ወንድሜ ይሄን ምክር እባክህ አጥፋው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፣ ማርከሻ የለውም፣ በስንጥቅ አልፎ ጎረቤት የተኛ ቤተሰብም ይገድላል። እህቴ የእርሻ መድኃኒትም ቢሆን ቤት ውስጥ አታስገቢ። መርጨት ካስፈለገ ለቤት ውስጥ ትኋን የተፈቀደውን፣ በባለሙያ። ለተለመዱት መርጫዎች የማይሞት ትኋን በዝቷልና በእሱ ብቻም አትተማመኚ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክኒኑን አላስገባም። አልጋውን ፈትተን ፈላ ውሃ አፍስሰንበታል፣ ልብሱም እየታጠበ ነው። እዛው ክፍል እንተኛለን። መቼ ነው አለቀ የምለው?

ተከራይ፦
እንቁላሉ በሳምንት በአስር ቀን ይፈለፈላል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ድገሚው፣ የመጀመሪያው ቀን ብቻ እንዳያዘናጋሽ። አልጋውን ከግድግዳ አርቂው፣ ብርድ ልብስ መሬት አይንካ፣ እያንዳንዱን እግር ጎኑ ለስላሳ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አቁሚው፣ ሊወጣ የሚሞክረው እዛ ወድቆ ታዪዋለሽ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሳህኑም ባዶ፣ ንክሻም ነጠብጣብም ሲጠፋ ነው ያመንኩት። ግድግዳ የምትጋሩ ጎረቤቶችሽንም ንገሪያቸው፣ ነውር አይደለም፣ ንፁህ ቤትም ይገባል፣ እነሱ ጋ ካለ በሶኬት ቀዳዳ ተመልሶ ይመጣብሻል።

ጠያቂ፦
ነገርኳቸው። ያቺ ነጭ ጋዝ ያለችኝም ለካ ከወር በፊት ጀምሮ እየተነከሰች ነበር፣ አፍራ ነው ዝም ያለችው። ነገ አልጋዋን አብረን እንፈታለን።