ቢጫው ፖስታ ሲመጣ ማን ይድረስ? የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ቡና ላይ እንደተነጋገርነው፣ በጀርመን የማኅበራችን የፍራንክፈርትና የጊሰን አባላት፣ የጥገኝነት ውሳኔ በቢጫ ፖስታ ስለሚደርሳቸው ወገኖች ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ፕሮፖዛል እዚሁ እንጨርሰው። ያለን አንድ መስመር ነው፦ «የጥገኝነት ጥያቄያቸው ውድቅ ለሆነባቸው ወገኖች ጠበቃ መቅጠሪያ ገንዘብ ይሰብሰብ።» ሐሳባችሁን ጣሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ እደግፋለሁ፣ ካዝናው ግን አይደግፍም። ለሁለት ሰው ሙሉ የጠበቃ ሒሳብ ከከፈልን ሦስተኛው ሲመጣ ባዶ እጃችንን ነን። ዕጣ ልናወጣ ነው?

ጋሼ (ጊሰን)፦ ረቂቁ ከመሃል ነው የጀመረው። ከጠበቃው በፊት ቀኑ አለ። ባለፈው ክረምት ሃይም (የስደተኞች መኖሪያ) ውስጥ ቡና ልጠጣ ገብቼ አንድ ልጅ ከትራሱ ሥር ቢጫ ፖስታ አወጣልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አለኝ። ፖስተኛው ላዩ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈውን ቀን ስቆጥር አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ልጁ ውሳኔው ነጋቲቭ (ውድቅ) መሆኑን ያውቃል። ደንግጦ ነው የደበቀው። ውሳኔውን በፍርድ ቤት ለመክሰስ ያለው ሁለት ሳምንት ከዚያች ቀን እንደሚቆጠር ግን የነገረው የለም። ዕለቱ ዓርብ ከሰዓት ነበር፣ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል። ሰኞ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ጠዋት በሩ ሲከፈት «ሬሽትስአንትራግስሽቴለ» የሚሉት ክፍል ቆመን ነበር። እዚያ ያለ ጠበቃ በቃልህ ትናገራለህ፣ ክሱን ይጽፉልሃል። ለጥገኝነት ክስ ፍርድ ቤቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ጠበቃውን ከዚያ በኋላ ተረጋግተን ፈለግን።

እትዬ፦ እግዜር ይስጥህ። አድራሻ ቀይረው ያላሳወቁትንም አትርሱ። ፖስታው የድሮው ሃይም ከሄደ ደርሶሃል ተብሎ ነው የሚቆጠረው። «አላየሁትም» ማለት ብቻውን አያድንም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ታዲያ ጀርመንኛ የምንችለው እኛው ክሱን ብንጽፍስ? ለጠበቃ የሚወጣው ይቀራል።

ሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ አይሆንም። ከ2008 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት ወይም ለቅርብ ወዳጅ ካልሆነ በስተቀር፣ በነጻም ቢሆን የሕግ ምክር ስንሰጥ የሚመራን የሕግ ባለሙያ ሊኖር ይገባል። አብሮ መሄድና ማስተርጎም እንችላለን። ምክሩን ለጠበቃ፣ ለቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅቶቹ ለካሪታስና ለዲያኮኒ አማካሪዎች ወይም እዚያው ጊሰን ላለው፣ የሕግ ተማሪዎች በባለሙያ እየተመሩ ለሚመክሩበት ሪፊዩጂ ሎው ክሊኒክ እንተወው።

ደግሞ ቀን በቃል አንናገር። ጋሼ ያሉት ሁለት ሳምንት የተራው ውድቅ ገደብ ነበር። ውሳኔው ላይ «ኦፈንዚሽትሊሽ» (ጥያቄው «በግልጽ» መሠረት የለውም ለማለት) የምትል ቃል ካለችበት አንድ ሳምንት ብቻ ነበር፣ ክሱም ብቻውን መባረርን አያስቆምም፤ በዚያው ሳምንት የእግድ ማመልከቻ ይጨመራል። አዲሱ የአውሮፓ የጥገኝነት ሕግ ደግሞ ከጁን 12፣ 2026 ጀምሮ ነው የሚሠራው፤ ቀኖቹ እንደ ድሮው ናቸው ብለን አንገምት። ስለዚህ ሁሌም የውሳኔውን የመጨረሻ ገጽ እንይ። የትኛው ፍርድ ቤት፣ በስንት ቀን የሚለው እዚያ አለ።

የወጣቶች ተወካይ፦ እሺ፣ ገባኝ። ግን ጠበቃው በትክክል ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ከፍሎ «ደብዳቤ ብቻ ጻፈልኝ» ይላል።

ሕግ ተማሪዋ፦ ጥሩ ጠበቃ መጀመሪያ ፋይሉን ያስወጣል፣ ከዚያ የኢንተርቪውን ቃለ ጉባኤ መስመር በመስመር ያነባል። ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ «ጥቅምት 2013 ታሰርኩ» ብሏል። በኛ አቆጣጠር ነው፣ በፈረንጅ 2020 መሆኑ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ኦክቶበር 2013 ተብሎ ገባ። በዚያ ሒሳብ የታሰረው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነው! ውሳኔው «ታሪኩ እርስ በርሱ ይጋጫል» አለ። ጠበቃዋ ይህን ለይታ በክሱ ማብራሪያ ላይ አስገባችው። ማብራሪያው የራሱ የጊዜ ገደብ አለው፤ ያኔ ውሳኔው ከደረሰ አንድ ወር ነበር።

እትዬ፦ እኛ የምንችለው ይኼን ነው! ሰውየውን አስቀምጦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ፈረንጅ መቁጠር። ለደላላ ከፍሎ የሰው ታሪክ ከመግዛት ያድናል። አንዱ ደላላ አንዱን ታሪክ ለአራት ልጅ ሸጦ አራቱም ሲወድቁ አይቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ ከሆነ ሒሳቡም ይቀላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ጠበቃ ለመጀመሪያ ምክክር የሚያስከፍለው ከ190 ዩሮና ከታክሱ አይበልጥም። ፈንዱ ይህንን ይሸፍን። ጉዳዩ ተስፋ አለው ከተባለና ሰውየው አቅም ከሌለው፣ ጠበቃው ፍርድ ቤቱ ወጪውን እንዲችል ያመልክት። እምቢ ከተባለ የጠበቃውን ቅድመ ክፍያ እናበድራለን፣ በየወሩ ይመልሳል። እድርም እኮ እንዲህ ነው የሚቆመው።

ጋሼ (ጊሰን)፦ ብድር ሲባል አልወድም። ግን እሺ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ይኸው፦ «ቢጫ ፖስታ የደረሰው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ አብሮት የሚሄድ አባል ይመደብለታል። ክሱ በጊዜው መግባቱ ይረጋገጣል። ማኅበሩ የመጀመሪያውን የጠበቃ ምክክር ይከፍላል፣ የቀን አቆጣጠሩን ከባለጉዳዩ ጋር ያስተካክላል። የሕግ ምክር አይሰጥም፣ ውጤትም ቃል አይገባም።» አንድ የጋራ ስልክ ያስፈልገናል። ማን ይያዘው?

የወጣቶች ተወካይ፦ ከሰኞ እስከ ኀሙስ እኛ እንቀያየራለን።

ጋሼ (ጊሰን)፦ ዓርብን ለእኔ ተዉልኝ።