ለአዋቂ የሚሆን፣ ያለቀ የኮሚክ ተከታታይ፦ የቱን፣ በየትኛው ጥራዝ ልጀምር?

ጥያቄ፣ ከሰምሃል፦
ጤና ይስጥልኝ። ለአዋቂ አንባቢ የተጻፈ አንድ የኮሚክ ተከታታይ መጀመር እፈልጋለሁ። ታሪኩ ያለቀ ይሁን፣ ካባ የለበሱ ጀግኖች የሚደባደቡበት አይሁን፣ እንግሊዝኛውም መዝገበ ቃላት በየገጹ የሚያስገልጥ አይሁን። ከዋሽንግተን የምትመጣ ዘመድ አለችኝ፤ ሻንጣዋ ላይ የተፈቀደልኝ ሦስት ኪሎ ነው። ሌላውን በ10 ኢንች ታብሌት አነባለሁ። ሳንድማን፣ ሳጋ እና ዋይ ዘ ላስት ማን ሲጠሩ እሰማለሁ። የቱ ይሻላል? ቤት ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ እንዳለም አስቡልኝ።

የቀለም ቀንድ፦
እህቴ፣ ያልሽውን ሁሉ የሚያሟላው ዋይ ዘ ላስት ማን ነው። ከ2002 እስከ 2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በ60 ቁጥር (እንደ መጽሔት በየጊዜው በሚወጡ ቀጫጭን እትሞች) ወጥቶ አልቋል። ደራሲው ብራያን ኬ. ቮን፣ ዋናዋ ሠዓሊ ፒያ ጌራ ናቸው። በአንድ ቅጽበት ወንድ የተባለ ሁሉ ከሰው እስከ አጥቢ እንስሳ ይረግፋል፤ አንድ ወጣትና ወንድ ጦጣው ይተርፋሉ። ንግግሩ የዘመኑ ተራ ንግግር ነው፤ ስድብ አለበት እንጂ አያደናግርም። ስዕሉም ንጹሕ ነው፤ ዓይን ከየት ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋውም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳጋ የዚሁ ደራሲ ሥራ ነው፤ ሠዓሊዋ ፊዮና ስቴፕልስ ናት። በ2012 ተጀምሮ በ2018 ቁጥር 54 ላይ ቆመ፣ በ2022 ከቁጥር 55 ቀጠለ። ቁጥር 54 የሚያበቃበት ቦታ አንባቢን ልብ ሰቅሎ የሚተው ነው፤ ያለቀ ለምትፈልግ ሰው አልመርጠውም። እርቃንና ወሲብም ሳይሸፈን የተሳለበት ነው፤ ከልጁ አርቂው።

ሌሊት አንባቢ፦
እኔ ለሳንድማን እከራከራለሁ። 75 ቁጥር ነው፣ ከ1989 እስከ 1996፣ ያለቀ። ብዙ ሰው የሚተወው የመጀመሪያውን ቅጽ (ጥቂት ቁጥሮች አንድ ላይ የተጠረዙበትን መጽሐፍ) ሳይጨርስ ነው፤ ምክንያቱም ያ ቅጽ (ከቁጥር 1 እስከ 8) ገና መልኩን ያላገኘ አስፈሪ ታሪክ ነው። በተለይ ቁጥር 6 አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የተዘጉ ሰዎች የሚደርስባቸውን ጭካኔ ስለሚያሳይ ከባድ ነው። ተከታታዩ የራሱን ድምፅ የሚያገኘው ሞት በአንዲት ደግ ወጣት መልክ በምትመጣበት በቁጥር 8 ነው። እዚያ ሳትደርሺ አትፍረጂ። መቅመስ ብቻ ከፈለግሽ ሦስተኛውን ቅጽ (ከ17 እስከ 20) በታብሌት አንብቢ፤ አራቱም ለየብቻ የቆሙ አጫጭር ታሪኮች ናቸው።

የቀለም ቀንድ፦
ሳንድማን ታላቅ ሥራ መሆኑን አልክድም። ግን እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ሼክስፒርን፣ የግሪክ አፈ ታሪክንና የድሮ የአሜሪካ ኮሚኮችን እየጠቀሰ ነው የሚሄደው። ዋናው ባለታሪክ፣ የሕልም ንጉሡ፣ የሚናገረውም በጥቁር ክብ ውስጥ በነጭ ፊደል ስለሆነ ትንሽ ስክሪን ላይ ዓይን ያደክማል። ሁለተኛ ተከታታይ ይሁን።

ባለመደርደሪያው፦
ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ጥራዝ ላይ ነው፣ ስለዚህ ልብ በዪ። ዋይ ዘ ላስት ማን ከሚሸጥባቸው መልኮች ሁለቱን ለዪ፤ አንዱ 10 ቀጫጭን ቅጾች፣ ሌላው 5 ወፍራም መጻሕፍት። የቀጭኑ ቅጽ 1 ከቁጥር 1 እስከ 5፣ ቅጽ 2 ከ6 እስከ 10 ይይዛል። የወፍራሙ መጽሐፍ 1 ግን ከ1 እስከ 10 ያለውን ባንድ ላይ ጠርዟል። ወፍራሙን አንደኛ ገዝተሽ ቀጭኑን ሁለተኛ ካስከተልሽ ግማሹን ደግመሽ ከፈልሽ ማለት ነው። ለዘመድሽ «ሁለተኛውን አምጪልኝ» አትበያት፤ «ቁጥር 11ን የያዘውን» በያት። የያዛቸው ቁጥሮች ሽያጭ ገጹ ላይና አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፈዋል።

ኪሎ የሚበላው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ስስ ሽፋን ያለውን ታምጣ። ሙሉ ተከታታዩን ባንድ ያጨቀውን ግዙፍ ጥራዝም አልመክርም፤ ሲገለጥ መሃሉ ላይ ያለው ስዕል በስፌቱ በኩል ይዋጣል፣ ተኝቶም አይነበብም።

ሰምሃል፦
አመሰግናለሁ። ታብሌቱ ይበቃል? ስልክስ?

ሌሊት አንባቢ፦
የአሜሪካ ኮሚክ ገጽ 17 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 10 ኢንች ላይ ትንሽ ያንሳል እንጂ ፊደሉ ይነበባል። ስልክ ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ገጹ ከግማሽ በታች ይኮማተራል፤ ያኔ ሳጥን በሳጥን እያጎላ የሚያሳየውን ማንበቢያ መክፈት ግድ ነው፣ ግን ሠዓሊው ገጹን እንደ አንድ ስዕል ያቀናበረበት ነገር ይጠፋል። ሁለት ገጽ የሚሸፍን ስዕል ሲመጣ ታብሌቱን አግድሚው። ኔትወርክ ሳይቋረጥ ቀድመሽ አውርጂ።

የጃፓን ኮሚኮችን ከሞከርሽ (ሞንስተር 18 ቅጽ ነው፣ ያለቀ፣ እንግሊዝኛውም ቀላል) ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበቡት፤ ማንበቢያው ላይ አቅጣጫው ካልተቀየረ መልሱ ከጥያቄው ይቀድምብሻል።

ባለመደርደሪያው፦
ስለ ልጁ፦ ዋይ ዘ ላስት ማንም ግድያና እርቃን አለበት፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ታብሌቱም ላይ ለልጁ የተለየ መግቢያ ክፈቺለት፤ የኮሚክ ሽፋን የልጅ ዓይን ይስባል። ፕሪቸር የሚባለውን ኮሚክ አንድ ሰው ቢጠቁምሽ ደግሞ አስቀድመሽ እወቂ፤ እግዚአብሔርን ራሱን የሚዳፈር ታሪክ ነው፣ አማኝ አንባቢን ያስቀይማል።

ሰምሃል፦
እንግዲያው ወፍራሙን ከ1 እስከ 3 ታምጣልኝ፣ ቀሪውን በታብሌት።

የቀለም ቀንድ፦
ጥሩ ነው። ሦስተኛው የሚያበቃበትን የመጨረሻ ቁጥር ጻፊው፤ ታብሌት ላይ የምትገዥው ከዚያ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይጀምራል። ቁጥር ቁጥሩን ከመግዛትሽ በፊትም ሙሉውን ቅጽ ዋጋ አስተያዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅጹ ይረክሳል።