የ1984ቱ የወዳጅነት ጨዋታዎች ለአትሌቶቻችን የኦሊምፒክን ቦታ ተክተው ነበርን?

የመም ወዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ አስቀድሜ ልግለጽ። በሰኔ 2024 በሩሲያዋ ካዛን ከተማ ስለተካሄዱት የብሪክስ ጨዋታዎች ሳነብ አንድ የቆየ ጉዳይ ወደ አእምሮዬ ተመለሰ። እነዚህ ጨዋታዎች የዓመቱን ሊቀመንበርነት የያዘው ሀገር በተራው የሚያዘጋጃቸው ሲሆኑ፣ በ2017 በቻይናዋ ጓንግዡ፣ በ2018 ደግሞ በደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ ተካሂደው ነበር። ኢትዮጵያም ከጥር 2024 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ናት። ነገር ግን ሀገራችን በወዳጅ መንግሥታት መድረክ ስትሳተፍ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ በ1984 ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ራሳቸውን ያገለሉት የሶሻሊስት ሀገራት «የወዳጅነት ጨዋታዎች» በሚል ስም ባዘጋጁት ውድድር አትሌቶቻችን ሮጠዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ያ ውድድር በደረጃው ከኦሊምፒክ ጋር የሚተካከል ነበርን? ሁለተኛ፣ አዘጋጆቹ ይህን ያህል አቅም ካሳዩ በየአራት ዓመቱ በተራ እያስተናገዱ ለምን አልቀጠሉበትም? በቅንነት የምጠይቀው ነውና ሰፋ ያለ መልስ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

አንጋፋ ተመልካች

ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያው ክፍል ልጀምር። ሶቪየት ኅብረት ወደ ሎስ አንጀለስ እንደማትሄድ ያስታወቀችው ግንቦት 8 ቀን 1984 ነበር፤ ኦሊምፒኩ ሊከፈት ሦስት ወር እንኳን አልቀረውም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያንን ሁሉ ስፖርተኛ የሚያስተናግድ አንድ ከተማ ማዘጋጀት የማይሞከር ስለነበረ፣ ሸክሙ ለዘጠኝ ሀገራት ተከፋፈለ፤ እነርሱም ሶቪየት ኅብረት፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ፖላንድ፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ሀንጋሪ፣ ቡልጋሪያ፣ ኩባ፣ ሞንጎሊያና ሰሜን ኮሪያ ናቸው። የወንዶች አትሌቲክስ በሞስኮ፣ የሴቶቹ በፕራግ፣ ቦክስ በሃቫና፣ ክብደት ማንሳት በቫርና፣ ጁዶ በዋርሶ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ በፒዮንግያንግ ተካሄደ። ስለዚህ አንድ የአትሌቶች መንደር፣ አንድ ስታዲየም፣ አንድ የጋራ ስሜት አልነበረም፤ እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ጉድለቱ ይኸው ነው። አዘጋጆቹም ውድድሩ የኦሊምፒክ ተቀናቃኝ እንዳልሆነ ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ የሞስኮና የፕራግ አትሌቲክስም የተካሄደው የሎስ አንጀለሱ ኦሊምፒክ ነሐሴ 12 ቀን ከተዘጋ በኋላ ነው።

ደረጃውን በተመለከተ ግን ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የሶቪየቱ ዩሪ ሴዲክ በሞስኮ መዶሻውን 85.60 ሜትር ሲወረውር፣ የሎስ አንጀለሱ ባለወርቅ ፊንላንዳዊው ዩሃ ቲያይነን ያሸነፈው በ78.08 ሜትር ነበር፤ ልዩነቱ ሰባት ሜትር ከግማሽ ነው። በፕራግ ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ማሪታ ኮኽ 400 ሜትሩን በ48.16 ሰከንድ ጨረሰች፤ በሎስ አንጀለስ አሜሪካዊቷ ቫለሪ ብሪስኮ ሁክስ ወርቅ ያገኘችው በ48.83 ነው። በዚያው በፕራግ ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ኢሪና መሺንስኪ በዲስከስ ውርወራ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። በሃቫና ደግሞ ቀደም ሲል ሦስት የኦሊምፒክ ወርቆችን የሰበሰበው ኩባዊው ቴዎፊሎ ስቴቨንሰን በእጅግ ከባድ ሚዛን አሸነፈ። በቫርና የ17 ዓመቱ ቡልጋሪያዊ ናይም ሱሌይማኖቭ ድል አደረገ፤ ይኸው ልጅ በኋላ ለቱርክ ተሰልፎ ከ1988 ጀምሮ በሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ወርቅ አጥልቋል። እንግዲህ በእነዚህ ዓይነቶች ኦሊምፒኩ ከወዳጅነት ጨዋታዎች ያነሰ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ረጅም ርቀት

የአንጋፋ ተመልካችን ማብራሪያ በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ጠያቂው የጠየቁት ስለ አትሌቶቻችን ነውና ሚዛኑ እዚህ ላይ ይለወጣል። በውርወራ፣ በክብደት ማንሳትና በቦክስ የዓለም ኃያላን ከሎስ አንጀለስ የቀሩት ሀገራት ስለነበሩ፣ እርስ በርስ ሲገናኙ ውድድሩ በእርግጥም ከባድ ይሆናል። የረጅም ርቀት ሩጫ ግን እንዲያ አልነበረም። የእኛ ሯጮች ሊገጥሟቸው የሚመኟቸው ሰዎች ሁሉ ያሉት በሌላው ወገን ነበር፤ በ5,000 ሜትር የሞሮኮው ሰዒድ አዊታ፣ በ10,000 ሜትር ጣሊያናዊው አልቤርቶ ኮቫ፣ በማራቶን ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔስ፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል ደግሞ ኬንያዊው ጁሊየስ ኮሪር ወርቃቸውን ያጠለቁት በሎስ አንጀለስ ነው። ኬንያ ከሁለት ኦሊምፒኮች ቀርታ በተመለሰችበት ዓመት እኛ ቀረን።

ደረጀ ነዲ በሞስኮ የወዳጅነት ጨዋታዎች ማራቶንን አሸንፏል፤ ይህ ድል ሊዘነጋ የማይገባው ነው፤ ዛሬ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት መሆኑም ያሳዝነኛል። ሆኖም ከሎፔስ ጋር ጎን ለጎን የመሮጥ ዕድል አልተሰጠውም፤ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፀሐይ ያልሮጡ ሰዎችን በሰዓት ብቻ ማወዳደር ደግሞ ለሁለቱም ፍትሕ አይሆንም። ከበደ ባልቻ በ1983 በሄልሲንኪ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ ብር አግኝቶ ነበር። በቀለ ደበሌ በዚያው ዓመት በጌትስሄድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆኗል። መሐመድ ከድር በ1980 በሞስኮ በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ትውልድ በአራት ዓመት አንዴ የሚገኘውን መድረክ ማጣቱን በአንድ የክረምት ውድድር ማካካስ አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

የጥያቄዎን ሁለተኛ ክፍል የሚመልሰው ደግሞ 1988 ነው። በዚያ ዓመት ሶቪየት ኅብረትና አብዛኞቹ ወዳጆቿ ወደ ሴኡል ሄዱ፤ ሰሜን ኮሪያን በመደገፍ የቀሩት ኩባንና ኢትዮጵያን ጨምሮ ጥቂት ሀገራት ብቻ ነበሩ። ለእነዚህ ጥቂቶች ተለዋጭ ውድድር የሚያዘጋጅላቸው አልነበረም። በላይነህ ዴንሳሞ ሚያዝያ 17 ቀን 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የሴኡል ኦሊምፒክ የተከፈተው ልክ ከአምስት ወር በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን ነው። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ በዚያ ቀን በሴኡል አልነበረም። ክብረ ወሰኑ እስከ 1998 ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ፤ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ግን ከስሙ ጋር አልተያያዘም። የወዳጅነት ጨዋታዎች ያልቀጠሉት አቅም ጠፍቶ ሳይሆን፣ የተፈጠሩበት ኩርፊያ ለትልቁ ወዳጅ ስላበቃለት ነው።

ዙር ቆጣሪ

በተራ ማስተናገድን በሚመለከት አጭር ሐሳብ ልጨምር። ከ1984 በኋላ የመጣው ሙከራ የአሜሪካዊው ቴድ ተርነር «የመልካም ፈቃድ ጨዋታዎች» ነው፤ በ1986 በሞስኮ፣ በ1990 በሲያትል ሲካሄድ የሁለቱን ጎራዎች ስፖርተኞች አገናኘ፤ ኋላም ሴንት ፒተርስበርግንና ኒውዮርክን ተዘዋውሮ በ2001 በብሪዝበን ተዘጋ። የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ግን በ1930 በካናዳዋ ሃሚልተን በ11 ሀገራት ተጀምረው እስካሁን ዘልቀዋል። ልዩነቱን የፈጠረው፣ በእኔ ግምት፣ ከአስተናጋጁ መንግሥት ውጭ የሚቆም ቋሚ ፌዴሬሽን መኖሩ ነው። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በሐምሌ 2023 የ2026ቱን መስተንግዶ ስትተው ፌዴሬሽኑ ሌላ ከተማ መፈለግ ቻለና ግላስጎው የስፖርት ዓይነቶቹን ወደ 10 ዝቅ አድርጋ ተረከበች። የብሪክስ ጨዋታዎች ግን ስፋታቸው የሚወሰነው በዓመቱ ሊቀመንበር ፍላጎት ነው፤ ጓንግዡ ላይ ጥቂት የስፖርት ዓይነቶች ነበሩ፤ ካዛን ላይ 27 ሆኑ። አንድ አትሌት ለአራት ዓመት አቅዶ የሚዘጋጅበት መድረክ በዚህ ሁኔታ አይገኝም።

የመም ወዳጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ረጅም ርቀት ሩጫ የተሰጠው ማብራሪያ አመለካከቴን ለውጦታል፤ የሴዲክንና የኮኽን ውጤት ይዤ ለእኛም ልጆች ያው ነው ብዬ ገምቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ በ1976 ከሞንትሪያል የቀረነው ከአፍሪካ ወንድሞቻችን ጋር የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ በመቃወም ስለነበረ እርሱን ከ1984ቱና ከ1988ቱ መቅረት ጋር በአንድ ሚዛን አላስቀምጠውም። ያም ሆኖ ምሩፅ ይፍጠር ከሞንትሪያል ቀርቶ አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ አግኝቷል፤ የ1984ቱ ሯጮች ግን አራት ዓመት ጠብቀው ያገኙት ሌላ መቅረት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ስታሸንፍ፣ ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ መም ላይ ሳትታይ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።