በሐይቅ ውኃ ላይ የምትወጣን ሙሉ ጨረቃ ፎቶ ማንሣት

ጥያቄ፣ ከደሴ፦
ባለፈው ወር ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት ወደ ሐይቅ ወርጄ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ቆሜ፣ ከማዶው ተራራ ብቅ ስትል በ55 ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሣኋት። በዓይኔ የውኃው ሰማያዊነትም፣ ከዳር የታሰረችው ታንኳም በደንብ ይታዩኝ ነበር፤ በፎቶው ላይ ግን ጨረቃዋ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆና ቀረች፣ ሌላው ሁሉ ድፍን ጥቁር ነው። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፣ ከሐይቅ ከተማ፦
ወንድሜ፣ ቦታውን በትክክል መርጠዋል፤ የሳቱት ቀኑን ይመስለኛል። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ እኛ ዘንድ የምሥራቁ ተራራ ስለሚጋርዳት ብቅ እስክትል ድረስ ምድሩ ይጨልማል። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፣ በዋዜማው ቢመጡ ተራራውን የምታልፈው ገና ብርሃን ሳለ ነው። የሒጅራን ወር የሚቆጥሩ አባቶች 14ኛዋ ሌሊት መቼ እንደምትገባ ይነግሩዎታል፤ ወሩ ጨረቃ በማየት ስለሚጀመር ግን የአንድ ቀን ልዩነት ሊኖር ይችላልና ሁለት ምሽት ይያዙ።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ካሜራው በራሱ ሲለካ ጨለማውን አይቶ ብርሃን ያበዛል፤ ጨረቃ ግን ፀሐይ የምታበራት ድንጋይ ናትና ነጭ ሆና ትቃጠላለች። ስለዚህ በእጅ አስተካክለው በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ በኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ በሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ይጀምሩና ምስሉን እያዩ ይቀይሩ። በረዥም ሌንስ ሰከንዶች የሚቆይ ሹተር አይክፈቱ፤ ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ስለምትጓዝ ጠርዟ ይደበዝዛል። መጠኗን በተመለከተ፣ አድማስ ላይ ስትሆን ዓይናችን ያተልቃታል እንጂ ካሜራው አይሸነገልም፤ በ55 ሚሊ ሜትር ሌንስ በካሜራው ውስጥ ካለው የምስል መቀበያ ላይ የምትይዘው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከታንኳዋ ርቀው ቢያነሡ ሁለቱ ይመጣጠናሉ።

መልስ፣ እንደገና ከሐይቅ ከተማ፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር፤ ዳገት ላይ አይቁሙ። ከፍታ ላይ ሲሆኑ በውኃው ውስጥ የሚታየው የተራራው ጥላ ከፍ ስለሚል፣ ጨረቃዋ በሰማይ እየታየች በውኃው ውስጥ ለጊዜው ትሸፈናለች። መቆሚያውን ዝቅ አድርገው ከውኃው ጠርዝ ይትከሉ። ውኃው ረግቶ ከሆነ ክቧን እንዳለች ያገኟታል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ብርሃኗ በሞገዱ ላይ እስከ እግርዎ ድረስ ይዘረጋል፤ እኔ ይህን የበለጠ እወደዋለሁ።