ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መብረቅ ቢይዘው የት ይጠለል?

የተማሪ እናት፣ ሱሉልታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ስለሚማር ወደ ቤት የሚመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰፊውን የግጦሽ መስክ አቋርጦ ነው። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዛፍ ሥር የተጠለሉ ሦስት የጎረቤታችን ላሞች በአንድ መብረቅ ሞቱ። ዛፉ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ላሞቹ ላይ ግን ቁስል እንኳን አይታይም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእንጦጦ በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ልቤ አይረጋም።

አንዱ የልጁን ቀይ ሹራብ ይስበዋል ይለኛል፤ ሌላው ሞባይል ነው ይላል። እናቴ ነጎድጓድ ስትሰማ መስተዋቱን በነጠላ ትሸፍናለች። ቤታችን የጭቃ ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ መብራት ገብቶለታል። ቆርቆሮው ያሰጋል? ልጁስ መንገድ ላይ ቢይዘው የት ይግባ? ጠዋት ጠርቶ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ እንዲህ የሚሆነውስ ለምንድን ነው?

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ሰንዳፋ

እህቴ፣ ለጎረቤትዎ አዝናለሁ፤ ሦስት ላም ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ልጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ለተማሪዎቼ ከሁሉ አብልጬ እደጋግመው የነበረውን ላስቀድም። ሰው የሚጠለለው ዝናብ ሲጀምር ነው፤ መብረቅ ግን ዝናቡን አይጠብቅም። ከደመናው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፀሐይ በወጣበት ሜዳ ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መጠለያ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፤ መሬቱ ደግሞ በላዩ ያለውን አየር ያሞቃል። በክረምት ይህ አየር ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ተፋሰስና ከሕንድ ውቅያኖስ የመጣ እርጥበት ይዟል። የሞቀው አየር ከድስት እንደሚነሳ እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው የእንጦጦ ተራራም ሽቅብ ይገፋዋል። ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ውኃው ደመና ይሆናል። ያን ጊዜ ውኃው ይዞት የነበረውን ሙቀት ስለሚለቅ አየሩ የበለጠ ጉልበት አግኝቶ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ የሚያዩት ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ግዙፍ ደመና የዚህ ውጤት ነው። መሬቱ ሞቆ እስኪበቃው ሰዓታት ስለሚፈጅ ጠዋቱ ጠርቶ ይውላል።

በደመናው ውስጥ ጥቃቅን የበረዶ ቅንጣቶችና ከበድ ያሉ የበረዶ ፍሬዎች ይጋጫሉ። ቅንጣቶቹ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ኔጋቲቭ ሙሌት ይዘው ከታች ይቀራሉ። ልዩነቱ አየሩ ሊከለክለው ከሚችለው በላይ ሲሆን መብረቅ ይወርዳል። በመንገዱ ያለው አየር በቅጽበት እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ የፀሐይ ገጽ ከ5,500 ብዙም አይበልጥም። ያ አየር በድንገት ሲለጠጥ የምንሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ነው። በረዶ እኛ ዘንድ እህል የሚያጠፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀቱ ዜሮ የሚሆንበት ከፍታ ከባሕር ወለል ወደ 5,000 ሜትር ግድም ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ በረዶው ለመቅለጥ የሚያገኘው መንገድ ከቆላው ያጠረ ነው።

ወደ ላሞቹ ልመለስ። መብረቁ የወደቀው ዛፉ ላይ ነው፤ ከብቶቹን የገደላቸው ግን ከሥሩ በመሬት ውስጥ የተሰራጨው ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም። የላም የፊትና የኋላ እግር ስለሚራራቅ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ገብቶ በልብ በኩል አልፎ በሌላው ይወጣል። በኖርዌይ በነሐሴ 2008 ዓ.ም. 323 የዱር አጋዘኖች በአንድ ማዕበል በዚህ መልክ አልቀዋል። ልጅዎ ከዛፍ ሥር እንዳይቆም ደጋግመው ይንገሩት፤ ዝናቡ ያበስብሰው እንጂ ዛፉ ሥር አይቁም!

ነጎድጓድ ከተሰማ ከትምህርት ቤት አይውጣ። መንገድ ላይ ከያዘው በሩና መስኮቱ የተዘጋ ሚኒባስ ወይም መኪና ውስጥ መግባት ጥሩ ነው፤ ብረቱ ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ያሳልፈዋል። ባጃጅና ጋሪ አያድኑም። ከሽቦ አጥር፣ ከጉብታና ከወንዝ ይራቅ። ከጓደኞቹ ጋር ከሆነ ተራርቀው ይሂዱ። የትም መግባት ካልተቻለ ብቻ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ መሬት ላይ አይተኛ። ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

ቆርቆሮ መብረቅ አይስብም። ችግሩ በጭቃ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ አስተማማኝ መንገድ አለመኖሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ባለሙያ አስጠርተው የመሬት ሽቦ ያስገቡ። ደመናው ሳይደርስ ቴሌቪዥኑን፣ የዲሹን ገመድና የኤሌክትሪክ ምጣዱን ይንቀሉ፤ ግድግዳ ተደግፋችሁ አትቀመጡ። ቀይ ሹራብ፣ መስተዋትና ኪስ ውስጥ ያለ ሞባይል መብረቅ አያመጡም። ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ ግን አይያዝ። እናትዎን በመስተዋቱ አይከራከሯቸው፤ እሳቸው ሲሸፍኑ እርስዎ ሶኬቱን ይንቀሉ።

ነርስ፣ ቡራዩ

መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ከሕክምናው በኩል የጎደለውን ልጨምር። መብረቅ የመታው ሰው ሰውነት ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ወዲያውኑ መንካት ይቻላል። «ይይዛችኋል፣ አትቅረቡ» ሲባል የሚያልፉት ደቂቃዎች ናቸው የሚገድሉት። የሚሞተው በአብዛኛው ልቡ ወይም ትንፋሹ ስለሚቆም ነው፤ ብዙዎች ግን በቶሎ ከታገዙ ይተርፋሉ። የማይተነፍስ ከሆነ በሁለት እጅ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እያጎደጎዱ ይጫኑ፤ ሌላ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907 ይደውል። ብዙ ሰዎች አብረው ከተመቱ የሚጮኹት ለጊዜው በሕይወት አሉና መጀመሪያ ዝም ወዳሉት ሂዱ። የተመታውን ሰው ይሻለዋል ብሎ መሬት ቆፍሮ አፈር ውስጥ መቅበር ወይም ወተት ማጠጣት ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም።

የአቃቂ ነዋሪ

ጎርፉንም አትርሱ። እኛ ጋር ጠብታ ሳይወርድ ከላይ በዘነበው ወንዙ ሞልቶ ይመጣል። ድሬዳዋን ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ደጫቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት በደጋው በጣለ ዝናብ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ሰው ይጥላል፤ ለሕፃን ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ልጁ የሚሻገረው ጅረት ካለ ውኃው ደፍርሶ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ አይሻገር፤ ቢመሽም ማዶ ይደር።

የተማሪ እናት፣ ሱሉልታ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጅረት አለ፤ አሁኑኑ እነግረዋለሁ። ነገ ርዕሰ መምህሩን ላነጋግር ነው፤ ልጆቹን ያቆዩልን ብል እስከ መቼ ልበላቸው?

ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ሰንዳፋ

ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ። በመካከል እንደገና ከተሰማ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ዝናቡ ማባራቱ አይቆጠርም። ልጆቹም በረንዳ ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮት ርቀው ይቆዩ። የዘበኛውን ስልክ ተቀብለው ቢመለሱ ደግሞ ልጁ አለመውጣቱን ከቤት ሆነው ማረጋገጥ ይችላሉ።