ፓታፕስኮ ቫሊ ስቴት ፓርክ፦ ፍርስራሾቹ የምን ናቸው? ከአረጋውያን ጋር ለመሄድስ ይመቻል?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)
ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ከማኅበራችን አባላት ጋር ሜሪላንድ ወደሚገኘው ፓታፕስኮ ቫሊ ስቴት ፓርክ ለመሄድ አስበናል። አረጋውያንም ሕፃናትም ስላሉን የትኛው ክፍል እንደሚሻል፣ በወንዙ ዳር የሚታዩት የድንጋይ ፍርስራሾችም ከምን እንደተረፉ የምታውቁ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

መልስ 1
ሸለቆው ፓርክ ከመሆኑ በፊት የፋብሪካ መንደሮች ሰፈር ነበር። የወንዙን ኃይል ተጠቅመው የሚሠሩ የዱቄትና የብረት ፋብሪካዎች በዳርቻው ተተክለው ነበር። አቫሎን የሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ስሙን የወረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ጎርፍ ካወደመው የብረትና የምስማር ፋብሪካ ነው። የኦሬንጅ ግሮቭ የዱቄት ፋብሪካ ደግሞ በ1905 ተቃጠለ፤ ዛሬ ልጆች እየተወዛወዙ የሚሻገሩት ተንጠልጣይ ድልድይ የሚገኘው እዚያው ነው። ግዛቲቱ የሸለቆውን ደንና ውኃ ለመጠበቅ በ1907 ስፍራውን የተከለለ ደን አደረገችው፤ መዝናኛነቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በ1835 ተሠርቶ ያለቀውን የቶማስ የባቡር ድልድይም ሳታዩ አትመለሱ፤ የዕቃ ባቡር ዛሬም ያልፍበታል።

መልስ 2
ለእናንተ የሚስማማው አቫሎን ነው። ግሪስት ሚል የተባለው መንገድ አስፋልትና ደልዳላ በመሆኑ ለተሽከርካሪ ወንበርም ለሕፃናት ጋሪም አያስቸግርም። በአቅራቢያው ያለው ሎስት ሌክ ዓሣ ለማጥመድ የተፈቀደው ለልጆች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ስለሆነ፣ አባቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሊውሉበት ይችላሉ። የካስኬድ ፏፏቴ መንገድ ግን ድንጋያማ ነውና ለወጣቶቹ ተዉላቸው። ብዙ ሰው ከሆናችሁ የሽርሽር ዳስ አስቀድማችሁ ተከራዩ፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ፓርኩ ሞልቶ በሩ ሊዘጋ ስለሚችል ማልዶ መድረስ ይበጃል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስለማይኖር ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ 3
በመልስ 1 ላይ ብሌድ ስለተባለው ግድብ ልጨምር። ከ1907 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያዎቹ የተተከሉት በራሱ በግድቡ ሆድ ውስጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ አሠራር በዘመኑ ብርቅ ነበር። ማመንጨቱን ካቆመ በኋላ ግን ከባሕር ለመራባት የሚወጡትን ዓሦች መንገድ ከመዝጋቱም በላይ፣ ለመዋኘት የመጡ ሰዎች ሰጥመውበታል። በ2018 ማፍረስ ተጀመረና ውኃው እንደ ቀድሞው ይፈስ ጀመር። ይሁንና ወንዙ ዝናብ ሲጥል በፍጥነት ይሞላል፤ በ1972 አግነስ የተባለው አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ በፓርኩ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ስለዚህ በዋዜማው ዝናብ ጥሎ ከሆነ ሕፃናቱን ከውኃው አርቃችሁ አጫውቷቸው።