ሲዲ ላይ የሚረጭ ማጽጃ የዘፈኑን ድምፅ ያሻሽላል?

ጠያቂ (ከአዘዞ)
ጤና ይስጥልኝ። ኦሪጅናል የዘፈንና የመዝሙር ሲዲዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ ካርቶን ውስጥ ሆነው ክረምት ያለፈባቸው ናቸው። ፒያሳ አንድ ሱቅ በትንሽ ጠርሙስ የሚረጭ ፈሳሽ አሳዩኝ። «ይህን ረጭተህ ከወለወልኸው ቤዙ ይወፍራል፣ ድምፁ ይጠራል፣ አዲስ ሲዲም ቢሆን ይሻሻላል» ነው የሚሉት። ዋጋው ቀላል አይደለም። እውነት አዲስ ሲዲ በማጽጃ ይሻሻላል? ከሲዲዎቼ አንዳንዶቹ ደግሞ መጨረሻው ዘፈን ላይ ሲደርሱ ይዘላሉ፤ አንዱ ላይ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ይታያል። እነዚህን በምን ላጽዳ? እዚሁ ጎንደር የሚገኝ ነገር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከማራኪ
ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ መልስ «አይሻሻልም» ነው። በትክክል እየተነበበ ላለ ሲዲ ማጽጃ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሲዲ ላይ ያለው ድምፅ ቁጥር ነው። በየሰከንዱ 44,100 ናሙና (የድምፁ የቅጽበት ልክ) ለግራ፣ ያንኑ ያህል ለቀኝ፣ እያንዳንዱ 16 ቢት፤ ቢት ማለት 0 ወይም 1 ነው። ቁጥሮቹን የያዙት ጥቃቅን ጉድጓዶች አንተ በጣትህ የምትነካው ገጽ ላይ አይደሉም፤ 1.2 ሚሊ ሜትር ከሚወፍረው ፕላስቲክ ባሻገር፣ ከጽሑፉ ሥር ናቸው። ሌዘሩ ፕላስቲኩን ሲገባ ስፋቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ከ2 ማይክሮ ሜትር በታች ይጠባል። ስለዚህ ገጹ ላይ ያረፈ ተራ አቧራ የብርሃኑን ጥቂት ብቻ ይጋርዳል፤ በመስኮት ተራራ ስታይ መስታወቱ ላይ ያለች ነጠብጣብ ተራራውን እንደማትሸፍንብህ ቁጠረው።

ቢሆንም የንባብ ስህተት አይቀርም፤ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሲዲም ስህተት አለበት። ሶኒና ፊሊፕስ የሲዲን ደረጃ ሲያወጡ ይህን አስበው የስህተት ማረሚያ አብረው አስገብተዋል። ቁጥሮቹ በተርታ አይጻፉም፤ ተበታትነው፣ ከማረሚያ ቁጥሮች ጋር ተደባልቀው ነው የሚጻፉት። ጭረት አንድ ቦታ ላይ ቢያርፍ የሚያጠፋው ከብዙ ቦታ ጥቂት ጥቂት ነው። በትራኩ (ጉድጓዶቹ ባሉበት ጠመዝማዛ መስመር) ርዝመት እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል በተከታታይ ቢጠፋ እንኳ ማጫወቻው አስልቶ ይመልሰዋል፤ የሚመልሰውም በግምት አይደለም፣ ቢት በቢት ያንኑ ነው። ያንኑ ቁጥር ካገኘ ቤዙ ከየት መጥቶ ይወፍራል?

ከአራዳ
የተባለው ትክክል ነው። ነገር ግን «ማጽዳት ምንም አይጠቅምም» ተብሎ እንዳይወሰድ አንድ ነገር ልጨምር፤ የማረሚያው አቅም ሲያልቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ወሳኝ ነውና።

ማጫወቻው ቁጥሩን መመለስ ሲያቅተው መጀመሪያ ይገምታል፤ ከጠፋው ናሙና በፊትና በኋላ ያሉትን አይቶ መካከለኛውን ይሞላል። ይህ አልፎ አልፎ ከሆነ አይሰማም። ሲበዛ ግን ቀጭኑ ድምፅ፣ የጸናጽሉና የክራሩ ጥፍር፣ ሸካራ ይሆናል። መገመትም ሲያቅተው ለቅጽበት ድምፁን ይዘጋል ወይም «ቋ» የሚል ይሰማል። ሌዘሩ መንገዱን ከሳተ ደግሞ ይዘላል ወይም አንድ ቦታ ይደጋግማል።

ስለዚህ የጣት ቅባት፣ ጭስና የደረቀ ፈሳሽ ያለበት ሲዲ መዝለል ሳይጀምር በፊትም ድምፁ ሊበላሽ ይችላል፤ ሲጸዳም በእርግጥ ይሻሻላል። ይህ ግን በንጹህ ውኃም በሳሙናም ይሆናል፤ ውዱን ጠርሙስ አይፈልግም።

የኤምፒ3 ሲዲ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ የዳታ ሲዲ ስለሆነ ተጨማሪ ማረሚያ አለው፤ ግምት የሚባል ነገር ግን የለውም። ወይ በትክክል ያነባል፣ ወይ ይቆማል። ድምፁ ሸካራ ከሆነ ፋይሉ ሲቀዳ ነው የተበላሸው፤ ቢታጠብም አይለወጥም።

ከፒያሳ
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ገጹ የጠራ ሲዲ ሲሆን ሌንሱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሱት የሽቦ ጥምጥሞች ብዙ አይለፉም፤ ኮረንቱ አይዋዥቅም፣ ያ መዋዠቅም ወደ ድምፅ ማውጫው አይሻገርም። ጥሩ አምፕሊፋየርና ስፒከር ላለው ሰው ልዩነቱ በጆሮ ይለያል።

ከማራኪ
የፒያሳው ወንድሜ፣ ያነሣኸው ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ሌንሱ በእርግጥ ሳያቋርጥ ይስተካከላል። ግን ከሲዲው የተነበበው ቁጥር በቀጥታ ወደ ድምፅ አይለወጥም። መጀመሪያ ማጠራቀሚያ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኳርትዝ ክሪስታል ሰዓት ምት እየተለካ ይወጣል። የሲዲው ፍጥነትም ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይጎድል ተብሎ ይስተካከላል፤ መሐል ላይ በደቂቃ 500 ዙር ገደማ፣ ዳር ላይ 200 ገደማ። የንባቡ መንገጫገጭ እዚያው ማጠራቀሚያው ላይ ይቀራል። ደግሞ ሌንሱን የበለጠ የሚያለፋው የሲዲው መጣመምና የቀዳዳው መሐል አለመሆን ነው፤ ፈሳሽ ሁለቱንም አያቃናም።

ክርክሩን የሚፈታ ፈተና አለ። ኮምፒውተር ላይ «ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫን። ሲዲው ሳይጸዳ አንድ ዘፈን አውጣና የሚሰጥህን የሲአርሲ ቁጥር (ከወጣው ዘፈን ቢቶች ሁሉ ተሰልቶ የሚገኝ ማመሳከሪያ) ጻፍ። «ሴኪዩር» የሚለውን አትምረጥ፤ እሱ ያቃተውን ደጋግሞ ስለሚያነብ ስህተቱን ይደብቅብሃል። «በርስት» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ያልፋል፤ ለቤት ማጫወቻ የሚቀርበው እሱ ነው። ከዚያ ፈሳሹን ረጭተህ ወልውልና በዚያው ኮምፒውተር ያንኑ ዘፈን ድገም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ከሲዲው የወጣው አንድም ቢት አልተለወጠም ማለት ነው። ከተለያዩ ግን ሲዲው በትክክል እየተነበበ አልነበረም ማለት ነው፤ መጽዳቱ ጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

በጆሮ መፈተን የሚፈልግም አለ። የአንድ አልበም ሁለት እኩል ጤነኛ ሲዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ የተረጨ፣ አንዱ ያልተረጨ። ሌላ ሰው ሳያሳይ በሳንቲም ዕጣ እያወጣ 10 ጊዜ ያጫውት፣ ድምፅ ማስተካከያው አይነካ። 9 ጊዜ ከለየህ ቁም ነገር ነው፤ በዕድል ብቻ 9 እና ከዚያ በላይ ማግኘት ከ100 አንድ ገደማ ነውና። 6 ወይም 7 ግን ምንም አያሳይም። ድምፅ ያሻሽላሉ የሚባሉት የሲዲውን ጠርዝ በአረንጓዴ ማርከር መቀባትና የሲዲውን «ማግኔት ማስለቀቅ»ም በዚሁ ይፈተኑ፤ ፕላስቲክም አሉሚኒየምም እንደ ብረት ማግኔት ይዘው አይቀሩም።

ከአራዳ
አሁን ወደ አጸዳዱ። አስቀድመህ ሲዲውን በጽሑፉ በኩል ወደ አንተ አዙረህ አምፖል ላይ ያዘው። የመርፌ ጫፍ የሚያህል ደማቅ ብርሃን ካየህ አሉሚኒየሙ ተልጧል፤ እሱን ምንም አያድነውም። ብዙ ሰው የሚያብለጨልጨውን ገጽ ይጠብቅና ሲዲውን በጽሑፉ ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ይጎትተዋል፤ ከአሉሚኒየሙ በላይ ያለው ግን ቀጭን ቫርኒሽና ቀለም ብቻ ነው። የጽሑፉ ገጽ ነው ይበልጥ የሚያሳሳው።

አቧራውን በመንፊያ አንሣ፤ ደረቁን አትወልውል፣ የበጋው አቧራ ራሱ ይጭረዋል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር። በጣትህ ሆድ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ እያልህ እሸው። ክብ እየሠሩ መወልወል የከፋው ስህተት ነው፤ ትራኩ ጠመዝማዛ ስለሆነ ክብ ጭረት ትራኩን ይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ከመሐል ወደ ዳር የወረደ ጭረት ግን ትራኩን አቋርጦ ያልፋል፣ ማረሚያውም ይችለዋል።

በቧንቧ ውኃ አለቅልቅ፣ በመጨረሻ በዲስትልድ (በተጣራ) ውኃ ድገመው፤ የቧንቧው ውኃ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ዲስትልድ ውኃ የመኪና ባትሪ ከሚሸጡት ታገኛለህ፤ የምትገዛው ውኃው መሆኑን አረጋግጥ፣ አጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ነው። ውኃውን አራግፈህ በንጹህ የመነጽር መወልወያ ጨርቅ እያስነካህ አድርቅ። ሶፍት አይሆንም፣ ይጭራል። ፀሐይም ላይ አታስጣው፤ በተለይ ቤት የተቀዳ ሲዲ ዘፈኑን የያዘው ቀለም በፀሐይ ይጠፋል። ወረቀት ስቲከር የተለጠፈበትን ውኃ ውስጥ አትንከር፤ ወረቀቱ ካበጠ ሲዲው ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል።

ሳሙና ያላስለቀቀው ቅባት ካለ ከፋርማሲ ተራ አይሶፕሮፒል አልኮል ጨርቅ ላይ አድርገህ ጥረግ። የእጅ ሳኒታይዘር ግሊሰሪን ስላለበት ሽፋን ይተዋል። አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ፕላስቲኩን ያደበዝዙታል፣ ይሰነጥቁታልም፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ብዙ ጊዜ አሴቶን ነው።

ሻጋታው ከላይ ከሆነ በዚሁ ሳሙና ይለቃል። ታጥቦ የማይለወጥ ከሆነና ከጠርዙ ወደ ውስጥ እየገባ ከታየህ ሽፋኖቹ መካከል ገብቷል፤ የሚነበበውን ሳይውል ሳያድር ቅዳው።

የጥርስ ሳሙና የሚባለውም እውነትነት አለው፤ ለጭረት ብቻ፣ ነጩ እንጂ ጄሉ አይደለም፣ እሱም ከመሐል ወደ ዳር። ጥልቁን ጭረት ያለሳልሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ገጹንም ትንሽ ያደበዝዛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀዳውን ቅዳ።

ከቀሃ
መጨረሻው ዘፈን ላይ መዝለሉ ራሱ ፍንጭ ነው። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ መጨረሻው ዘፈን ያለው ጣት የሚያርፍበት ዳር ላይ ነው፣ ሙሉ ሰዓት የያዘ ሲዲ ከሆነ በተለይ። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ሌላ ማጫወቻ ላይ ሞክረው። እዚያ ካልዘለለ ችግሩ የአንተ ማጫወቻ ነው። ሌንሱን ወደ ዳር የሚወስደው ሐዲድ ላይ ያለው ግሪስ በአቧራ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌው ግሪስ በአልኮል ተጠርጎ ነጭ ሊቲየም ግሪስ በጣም በስሱ ይቀባል።

ሁሉም ሲዲ፣ አዲሱም ጭምር፣ ከዘለለ ሌንሱን አጽዳ። ሶኬቱን ንቀል። የጆሮ ጥጥ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አይሶፕሮፒል አድርገህ ሌንሱን ሳትጫን አዙረው፤ በቀጫጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ነው፣ ከተጫንኸው ይጣመማል። በደረቅ ጥጥ በስሱ ጠርገህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ አታብራው፤ የሲዲ ሌዘር 780 ናኖ ሜትር ስለሆነ ለዓይን እምብዛም አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ጠያቂ (ከአዘዞ)
እግዜር ይስጥልኝ። አንዱ ሲዲ ላይ ሱቁ ውስጥ ለማሳያ ረጭተውልኝ ነበር፤ አሁን እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቅባት ገጹ ላይ ቀርቷል። አቧራም ይይዛል። ምን ይሻላል?

ከአራዳ
ማብረቂያ፣ ምናልባት ሲሊኮን ወይም ሰም ነው። ውኃ ብቻ አያስለቅቀውም። ሳሙናውን ከላይ ካልሁት ትንሽ ጨመር አድርገህ ሁለት ጊዜ እጠበው፣ ከዚያ በአልኮል፣ ጨርቁን በየጊዜው እየገለበጥህ ከመሐል ወደ ዳር። አንድ ጨርቅ ለዚህ ብቻ ለይ፤ ቅባቱ ወደ ሌሎቹ ሲዲዎች ይሻገራል። እስኪጸዳ ድረስ ማጫወቻ ውስጥ አታስገባው። ሲዲው ሲሽከረከር ቅባቱ ወደ ዳር ይሸሻል፣ ከተረጨም ሌንሱ ላይ ነው የሚያርፈው።